እቤቱ አልሞተም

መጋዘኑ ኮምቦልቻ ዳር ነው፤ ድሮ ሲሚንቶ ይቀመጥበት የነበረ፣ አሁን ሰው የሚታሰርበት፣ መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ቤት። ደሴ ከመሥሪያ ቤቴ ይዘው ሲያመጡኝ ለብርዱ የደረብኩትን ሹራብ እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ገና በሩ ሲከፈት ላብ አጠመቀኝ። ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከወለሉ ብናኝ ይነሳል፤ ሁሉም ያስላል።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነበርኩ። የተወለደውን፣ ያገባውን፣ የሞተውን እጽፋለሁ። ይኼ ምኑ ነው ፖለቲካ?

ጥጉን ያጋራኝ አንድ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ የቢስቲማ ልጅ። አስም አለበት። «አብሽር፣ ይለመዳል» አለኝ። እሱ ግን አልለመደውም። አንድ ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ትንፋሹ አጠረ። በሩን በቡጢም በጫማም ደበደብነው። ሰው እየሞተ ነው፣ ኧረ በአላህ፣ ኧረ በእግዚአብሔር እያልን ጮኽን። ሲከፍቱልን ፀሐይ ወጥታለች፤ እሱ ጭኔ ላይ በርዷል።

ረፋዱ ላይ ስሜን ጠሩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ የሟቹ አባት ናቸው። መርዶው በስልክ ደርሷቸው፣ ዘመዱ ሁሉ ፈርቶ ስለቀረ የኪራይ ፒካፕ ይዘው ብቻቸውን መጡ። ልጃቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፒካፑ ላይ ተጋድሟል።

«አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ አሉ» አለኝ ኃላፊው። «የአስከሬን መረከቢያውን ሙላና አንብብላቸው። ምስክርም ሆነህ ትፈርማለህ።»

ስሙን ጻፍኩ፣ ዕድሜውን ጻፍኩ። «የሞተበት ቦታ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«መኖሪያ ቤቱ በል።»

«ጌታዬ፣ የሞተው እኮ እዚህ ነው። ማስመዝገብ ያለበትም የቦታው ኃላፊ ነው። ሥራዬ ስለሆነ ነው የምለው።»

«ሥራህ ነበር» አለና እስክሪብቶውን ነጥቆኝ ራሱ ጻፈው። «በል አንብብላቸው።»

አነበብኩላቸው።

«እቤቱ?» አሉ ሽማግሌው። «ቤቱማ እኔ ዘንድ ነው። ወላሂ እቤቱ አልሞተም!»

«እንግዲያው አስከሬኑ ይቆያል። ይመረመራል። ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል።»

በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት ሳምንት! ሽማግሌው ፒካፑን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አጥቤ፣ ለዛሬ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት አድርሼ ልቀብረው ነበር። ምን ላድርግ?»

ምን ልበላቸው? አይፈርሙ ብል ልጃቸው ፀሐይ ላይ ሊበላሽ ነው። ይፈርሙ ብል ደግሞ ልጃቸውን ሁለተኛ ገደልኩባቸው። እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። «አባባ፣ እርስዎ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ተራው የእኔ ሆነ። አሻፈረኝ ብል ጀናዛው አይወጣም። ፈረምኩ፤ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ፈረምኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከፊርማው ሥር «የምስክር አድራሻ» የሚል መስመር አለ። ያን ሁሉ ዓመት ቅጽ ስሞላ እሱን መስመር የሚያነብ አለቃ አላጋጠመኝም። ሳልቸኩል፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ ሞላሁት። ኃላፊው ሳያነበው ማኅተሙን አሳርፎ ለሽማግሌው ሰጣቸው፤ ፒካፑም ወጣ።

ስፈታ ወደ ሥራዬ አልመለሱኝም። አሁን ደሴ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። በቀደም ሽማግሌው አፈላልገው መጡ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውታል።

«የጻፍከው አንተ ነህ፣ አንተው አንብብልኝ» አሉኝ።

ከላይ ጀመርኩ። የሞተበት ቦታ ላይ ስደርስ «እሷን እለፋት» አሉ። አለፍኳት። ወደ ታች ወረድኩና የምስክሩን አድራሻ አነበብኩ፦ «ኮምቦልቻ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ከሟች ጋር አንድ ክፍል የታሰረ።»

ሽማግሌው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።

«ድገማት» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።