አክስቴ የቀመመችው ባሩድ

የቡሬ ኪነት ቡድን የአልባሳት ኃላፊ ነበርሁ። ኃላፊ ማለት እንግዲህ አንድ ሳጥን ልብስ፣ አንድ መርፌና የማያልቅ ንትርክ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የየወረዳው ቡድን ፍኖተ ሰላም ላይ ተሰብስቦ ትርኢት ሊያሳይ ነውና የእኛ ልጆች የጥንት ወታደር መስለው ሊፎክሩ ይለማመዳሉ።

ለዝናሩ ብለው የእስክሪብቶ ቀፎ ቡናማ ቀለም ቀብተው ሲደረድሩ ባይ ደሜ ፈላ። "ይኼ ዝናር ነው ወይስ የተማሪ ቦርሳ?" ብዬ አንድ በአንድ ነቅዬ ጣልሁት። ትክክለኛውን አውቀዋለሁዋ! የአክስቴ ባል ቤት ተሰቅሎ እያየሁ ነው ያደግሁ።

የአክስቴ ባል ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የሚኖሩ አራሽ ናቸው። ከአያታቸው የወረሱት ጠመንጃ ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በክር እሳት የሚለኮስ ነው። ዝናሩ ላይ በጣት ልክ የተቆረጠ ሸምበቆ ይደረደራል። በየሸምበቆው ለአንድ ተኩስ የሚበቃ ባሩድ ተሰፍሮ አፉ በማር ሰም ይደፈናል። ዝናሩን ምሰሶው ላይ ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል፤ እዚያ የምድጃው ሙቀት ይደርሰዋል፣ ፍንጣሪው ግን አይደርሰውም።

ባሩዱን የቀመመችው አክስቴ ናት። ከሰሉን ወቅጣ፣ ድኙን አልማ፣ ሰፍራ የደፈነች እሷ። ያን ጊዜ ታማ ተኝታለች። "ስሞት እንደ ወንድ ይተኮስልኝ፤ በሠራሁት ባሩድ ሸኙኝ" ብላቸው ምለውላታል። ጎረቤቱ ደግሞ "ለሴት ይተኮሳል እንዴ! ጉድ እኮ ነው!" እያለ ያሽሟጥጣል።

እኔ ለትርኢቱ ባዶ ሸምበቆ ያውሱኝ ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡ።

"ባዶ ዝናር ታጥቆ የሚፎክር ወንድ የት አይተሻል? ከነባሩዱ ውሰጅው። እሳት ብቻ እንዳያየው። የእሷ መሸኛ ነው፣ ታውቂ የለ።"

"እኔ ልሙትልዎ አባባ፣ እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቀው" አልሁ።

ትርኢቱ ሊደርስ ሲል ሰሙን አየሁት፤ በጥላሸት ጠቁሮ አስጠላኝ። ፍቄ ጣልሁና ነጭ ጥጥ ወተፍሁበት። እንዴት እንዳማረ! ልጁ ያንን ታጥቆ ሲፎክር ሕዝቡ በጭብጨባ አደባለቀው፤ እኔም ከመጋረጃ ጀርባ እንባዬ መጣ።

ስንመለስ ክረምቱ ገባ፤ በመንገዴ ያለው ወንዝ ሞልቶ ገጠር መሄድ አልሆነም። አከራዬ በላምባ ምድጃ ነው የምታበስለው። ባሩዱ እሳት እንዳያይብኝ ብዬ ዝናሩን ከምድጃው አርቄ አልጋዬ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥሁት። እሳቱን እንጂ እርጥበቱን መች አሰብሁት? ወንዙ ሲጎድል የሻማ ሰም በመዳፌ አለስልሼ አፍ አፉን ደፈንሁና መለስሁላቸው። "ኧረ አሳመርሽው!" ብለው ሳይከፍቱ ሰቀሉት። ደስ አለኝ።

ብዙም ሳትቆይ አክስቴ አረፈች።

አስከሬኗ ከቤት ሲወጣ ባሏ ጠመንጃውን ይዘው ቆሙ። ከአንዱ ሸምበቆ ባሩድ ገልብጠው ጠቀጠቁ፣ ክሩን ለኮሱ። ፍስስ ብሎ ቀረ። ጠርገው ሌላ ሸምበቆ ገለበጡ። አሁንም ፍስስ። ከኋላዬ አንዱ "ድሮስ ሴት የቀመመችው!" አለ፤ የሳቀም ነበር።

ሌላውን ሸምበቆ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ባሩዱ ተጓጉሎ ወደቀ። በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"እኔ ነኝ አባባ! ሰሙን ፍቄ..."

"ዝም በይ!" አሉኝ። ወደ ሰዉ ዞሩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በወጉ አልጠበቅሁትም።"

አንድ ጎረቤት ክላሹን አቀባብሎ "እኔ ልተኩስላት?" አላቸው።

"ተወው። የእሷ ባሩድ አይደለም" አሉት። ጠመንጃቸውን አንግተው ከቃሬዛው ኋላ ተከተሉ።

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለምኛለሁ። ይቅር ብለውኛል፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሳቸው ጠንቃቃ መሆናቸውን አገር ስለሚያውቅ ጥፋቱ የእኔ ነው ያሉትን ማንም አላመናቸውም። ሰዉ ሁሉ አክስቴ ባሩድ መቀመም አታውቅም ነበር ብሎ ደመደመ። ለቅሶ ቤትም ገበያም ባገኘሁት ሰው ፊት "ኧረ ያበላሸሁት እኔ ነኝ! የእሷስ ባሩድ ደህና ነበር!" እላለሁ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዝኑልኛል።

"ውይ አንች ልጅ፣ አክስትሽን መውደድሽ" ይሉኛል።