ነጭ ሩዝ አድላ የሄደችው ፉኪኖ

በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ጌሻ፣ ማለትም በዳንስና በዘፈን እንግዳ የምታጫውት ሴት፣ ሥራዋን ስትተው ለሰፈሩ ሁሉ የተቀቀለ ሩዝ በሣጥን ታድላለች። ቀይ ቦሎቄ ጣል ጣል ከተደረገበት «ምናልባት እመለስ ይሆናል» ማለት ነው። ነጭ ብቻ ከሆነ ግን በሩ ተዘጋ፣ አለቀ። ፉኪኖ ባሕር ከሚሻገር የቲያትር ቡድን ጋር ልትሄድ ስትነሣ፣ የምትሠራበት የጌሾች ቤት እመቤት እማማ ኦሴኪ ቦሎቄውን ይዘው ከምድጃው አጠገብ ለመኗት።

«ትንሽ ልበትንበት ልጄ። የሰው ነገር አይታወቅም።»

«አንዲት ፍሬ እንዳትገባ! እንደ እኔ ያለች ዳንሰኛ ምን ልትሠራ ትመለሳለች?»

ነጩን አደለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሩዙም እንደዚያው ነው፤ ሰፈሩ በልቶ አጣጣመው።

የሄደችው በትዕይንት መሐል እየደነሰች ሕዝቡን ለማቆየት ነበር። የአውሮፓዋ ወደብ ትሪየስቴ ላይ ግን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሰውዬ ድምፁ ተዘጋ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባልና የቡድኑ አለቃ ኩማጎሮ ፉኪኖን ገፍቶ መድረክ ላይ አወጣት። በተውኔቱ መጨረሻ እሷ የምትጫወታት ወይዘሮ ትሞታለች። አገር ቤት ቢሆን ሞት ማለት እጅጌን ፊት ላይ ማጠፍ ብቻ ነው። እሷ ግን ከድንጋጤ የተነሣ እንዴት እንደሚያልቅ ጠፋት፤ ተንገዳገደች፣ አቃሰተች፣ ምሰሶ ታቀፈች፣ ደግሞ ተነሣች። በመጨረሻ ስትዘረር አዳራሹ በእንባ ራሰ።

ከዚያ በኋላ ማን ይፋታት! ቡዳፔስት ሞተች፣ ዛግሬብ ሞተች፣ ቡካሬስት ሁለቴ ሞተች። ኩማጎሮ በኮሜዲውም ይገድላት ጀመር።

«የሙሽራዋ አክስት እኮ ነኝ! አክስት በሠርግ ላይ ለምን ትሞታለች?»

«ሕዝቡ የመጣው ሊያለቅስ ነው። ሙቺ አንቺ!»

አንድ ምሽት ሬሳ ሆና ተጋድማ ጭብጨባውን ስትሰማ፣ ከአገሯ ከወጣች ወዲህ ዳንሷን እንደ አገር ቤት በጸጥታ አጣጥሞ ያየላት ሰው እንደሌለ ታወሳት። ናፍቆት ገደላት፤ ይኼኛው የእውነት ነበር። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ እማማ ኦሴኪ ቤት ገብታ መደነስ።

ዕድሜዋ ወደ አርባ ሲጠጋ በእማማ ኦሴኪ ጓሮ በር መጥታ ተንበረከከች። የመድረክ ሞቷ ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበርና ዓሣ ሻጯ ጎረቤት «ሟቿ መጣች!» ብላ ለሰፈሩ አወጀች። እማማ ኦሴኪ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ነጭ ሩዝሽን በልቻለሁ። ደኅና ተቀቅሎ ነበር።»

«ልጅ ነበርኩ፣ እማማ።»

«ደንብ ደንብ ነው። ፉኪኖ የምትባል ሴት እዚህ ቤት አትገባም።»

ፉኪኖ ግንባሯን መሬት አስነክታ ቀረች። አሮጊቷ ሻያቸውን ጨለጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጀማሪ ግን እቀበላለሁ። ስምሽ ኮሺኖ ይሁን። መቀመጫሽ በሩ ጋ ነው፣ ብርድ እንዳትይኝ።»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ግን ቀላል አልነበረም። በዚያ ሰፈር ታላቅነት በገቡበት ቀን እንጂ በዕድሜ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ቡዳፔስት አበባ የወረወረላት ሴት፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት ለሆናት የቤቱ ተለማማጅ ኢቶሃ እጅ ነሥታ «እትዬ ኢቶሃ፣ እባክዎ ያስተምሩኝ» ማለት ነበረባት። አለችም። ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

እማማ ሻሚሰኑን፣ ባለ ሦስት ክሩን የጃፓን ክራር፣ አነሡ። ኮሺኖ ጥቂት እንደደነሰች ኢቶሃ ፈራ ተባ እያለች አፏን ከፈተች።

«እ… ይቅርታ። እጅሽ በጣም ራቀ። እኛ እዚሁ ነን እኮ።»

እውነቷን ነው። ክንዷ ተዘርግቶ የሩቁን ሰገነት ይፈልጋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ግን በክንድ ርቀት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስንቱን አዳራሽ ያስለቀሰችው ሴት እዚያው ቆማ አለቀሰች፣ ንፍጧ ሳይቀር እየወረደ፣ ምንም ሳያምርባት።

እማማ ኦሴኪ አላባበሏትም፤ ክሩን ብቻ አጠበቁ።

«ልቅሶሽን ጨርሺና ከመጀመሪያው ደንሺ» አሏት። «አንቺም ኢቶሃ፣ ታናሽሽን መሐረብ አቀብያት።»