የጫማ ክፍሉ አርባ ቀን

ተጅፓል ሲንግን ደራሲ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ካናዳ፣ ሰሪ በምትባል ከተማችን ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በተራራው መንገድ እንጨት አመላልሷል። በቆመበት ሁሉ ደብተሩን መሪው ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። የሚጽፈው ስለ ልጆቻችን ነው፤ ዕፅ ሲሸጡ፣ ሲተኳኮሱ፣ ጢማቸው ሳይጠና ሲቀበሩ። ሦስት ልብወለድ አሳትሟል። የሚገዙት እናቶች ናቸው፤ ልጆቹ ዞር ብለውም አያዩዋቸውም። እኔም እውነቱን ልናገር፣ የገዛኋቸው ሁለቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ ነበር የኖሩት።

መጻፉ አልበቃ ብሎት ወሮበሎቹን የተቀላቀሉ ልጆችን እየለቀመ ወደ ጉርድዋራችን፣ ወደ ሲኮች ቤተ መቅደስ፣ ያመጣል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ሽንኩርት የሚልጡት እኔ ጋ ነው። አሥራ አንድ ልጅ አምጥቷል። ሦስቱ ሞተዋል፣ አምስቱ ታስረዋል፣ የቀሩት የት እንደገቡ አይታወቅም።

“ወንድሜ፣ ይኼ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው” እለዋለሁ።

“ታዲያ ቁጭ ልበል?” ይለኛል።

ዲልራጅ ግን ተለቅሞ አልመጣም፤ በራሱ እግር ነው የመጣው። የጎረቤቴ የባክሺሽ የበኩር ልጅ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ እሷም መበለት ናት። “አጎቴ፣ ከነሱ መውጣት እፈልጋለሁ። ካልያዛችሁኝ ግን ሳምንት አልቆይም” አለው ተጅፓልን።

ተጅፓልም ራቅ ባለው የኦካናጋን ሸለቆ የአፕል እርሻ ካለው ዘመዱ ዘንድ ሥራ አገኘለት። ሥራው የሚጀምረው ከአርባ ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ለአርባ ቀን አገልግሎት ቃል አስገባው፤ በየዕለቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት መጥቶ፣ ምእመኑ ለጸሎት ሲገባ ጫማ ክፍል የሚያወልቀውን ጫማ ይጠርጋል፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። ትዕቢተኛ ሰው የሚገራው ጫማ ክፍል ነው፤ እኛ ዘንድ ድሮም እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ቀን አፍንጫውን ይዞ ወጣ። “አክስቴ፣ የሰው እግር እንዲህ ይሸታል እንዴ?”

“ያንተ ጽጌረዳ ነው?”

ሳቀ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የትኛው የማን ጫማ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር። “የእርስዎ ተረከዙ ባንድ በኩል አልቋል፤ ከሩቅ አውቀዋለሁ” ሲለኝ፣ “ወሬውን ተውና ጥረግ” አልኩት። ወደድኩት፤ ምን ልበል። እናቱም እንቅልፍ መተኛት ጀመረች።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለት ሰዎች ይጠብቁት ነበር። እኔ የምስር ድስት እንደተሸከምኩ ጎማ የፈነዳ መሰለኝ፤ ለካ ዲልራጅን የገደሉበት ጥይት ነው።

ሰፈሩ ሁሉ “ማን አሳልፎ ሰጠው?” ይል ጀመር። በሳምንቱ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከተጅፓል መጻሕፍት አንዱን አነሳሁ። መሐሉ ላይ አንድ አሮጌ ወሮበላ ጀማሪውን ሲመክር፣ “አንድ መንገድና አንድ ሰዓት ያለው ሰው አያረጅም” ይላል። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሄጄ ተጅፓልን ጫማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

“ይኼን የጻፍከው አንተ አይደለህም?” መጽሐፉን ጭኑ ላይ ወረወርኩት።

“እኔ ነኝ።”

“ታዲያ እያወቅክ ልጁን በየቀኑ ባንድ ሰዓት አስወጣኸው?”

“የጻፍኩት ለወሮበላ ነው፣ እህቴ። ጫማ ሲጠርግ ሳየው ወሮበላ መሆኑን ረሳሁት። እነሱ አልረሱም።”

በጥፊ ልለው ነበር የሄድኩት፤ አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ “ተነስ፣ ለባክሺሽ ንገራት፤ የሌለ ከዳተኛ ስትፈልግ አትኑር” ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ባክሺሽ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ራሱን ሳይምር ሁሉንም ነገራት፤ ሰዓቱን የቆረጠው እሱ እንደሆነ፣ የሚያመጣውን እያወቀ እንደቆረጠው። ሲጨርስ ደግሞ፣ ይኼ ሰውዬ ሌላ ነገር አያውቅማ፣ “ትንሹን ልጅሽን ላኪልኝ፣ ባክሺሽ። የወንድሙን ደም ሊመልስ ሰዎች ሲያነጋግር አይቼዋለሁ” አላት።

ትንሹ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እሷ የመሐረቧን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

“እሺ፣ ወንድሜ” አለች። “ስንት ሰዓት ላይ ልላከው?”

አሽሙር አልነበረም። ሌላ የምትልክበት ስለሌላት ነው የጠየቀችው። ተጅፓል ግን ሰዓት መናገር አቃተው።