ድሬሰሩ ያዳመጡት ትንፋሽ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እጮኛዬ ሰኢድ የጭነት መኪና ይዞ ወደ አሰብ ከወረደ ወዲህ፣ ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ሳላስበው በረጅሙ እተነፍሳለሁ። እናቴ መጀመሪያ "ቤቴ ውስጥ አታሟርቺ" ትለኝ ነበር። ኋላ ሳንባዬን ጠረጠረችና ኮልፌ ያለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ ሰርጉ ቀረ ማለት ነው።

የክሊኒኩ ድሬሰር ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው። እናቴ የሰኢድን መሄድና የጥሩንባውን ነገር ነገረቻቸው። ጀርባዬን ደጋግመው አዳመጡና "ሳንባዋ ንጹሕ ነው" አሏት። "ሰው ሐሳብ ሲይዘው ትንፋሹ ያጥራል። ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች መጨማደድ ይጀምራሉ። ያኔ ሰውነት ራሱ አንዴ በረጅሙ ይስብና መልሶ ይነፋቸዋል።"

"መድኃኒቱስ?" አለች እናቴ።

"መድኃኒት የለውም። የሄደው ሰው ሲመለስ ይተዋታል።"

እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አያለሁ። እሳቸው ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በመስኮቱ መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ከእኔ የባሰ በረጅሙ ተነፈሱ።

እናቴ ሻሿን አስተካከለችና፣

"የእርስዎስ ሰው ወዴት ሄዶ ነው?" አለቻቸው።