በክር የለካሁት ጋቢ

ዛሬ ጧት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ከጊደር መጋላ ገበያ አዲስ አቡጀዲ ገዝተው መጡና ከቤቴ በር ኋላ ሸሸጉት። ልጄ በንዳድ ከተኛች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ለመግነዝ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ያልታጠበው የአቡጀዲ ሽታ ነገረኝ።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ሳውቀው ሰባት ዓመቴ ነበር። አባባም እንዲሁ ታመው ተኝተው ነበር። አክስቴ ክር ሰጠችኝና፣ "ሂጂ፣ አባትሽን ከራስ እስከ እግር ለኪልኝ። ጋቢ ልናሠራላቸው ነው። እኔ ብለካቸው ይከፋቸዋል፤ አንቺን ግን ይወዱሻል" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሮጥሁ።

"ምን ታደርጊያለሽ፣ የኔ ልጅ?"

"ጋቢ ሊሠራልዎ ነው፣ አባባ!"

አባባ ክሩን አዩ። ከዚያ በር ላይ የቆመችውን እኅታቸውን አዩ፤ ፊቷን አዞረች። በሕመም ታጥፎ የከረመ እግራቸውን እያቃሰቱ ዘረጉና፣ "እንግዲያው ደኅና አድርገሽ ለኪ፤ እንዳያጥር" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን በአቡጀዲ ተጠቅልለው ሲወጡ፣ በለቀስተኛው መካከል "ጋቢውስ?" ብዬ ጠየቅሁ። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ዝም በይ! አንቺው ለክተሽ አንቺው ትጠይቂያለሽ?"

ይህን እያሰብሁ ወደ በሩ ኋላ ሳፈጥ፣ ለካ ልጄም አቡጀዲውን አይታው ኖሯል።

"እማዬ፣ ለኔ ቀሚስ ነው?"

"አዎ" አልኋት።

እንድለካት ብላ እግሯን ዘረጋችልኝ።