ከባሕር ዛፉ ሥር

ዶክተር ጥበቡ ስቶክሆልም ውስጥ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል፤ በረዳት ነርስነት። ስዊድኖቹ «ጥበቡ» ብቻ ነበር የሚሏቸው። እኛ ሐበሾቹ ግን አንድም ቀን ስማቸውን ባዶውን ጠርተን አናውቅም። የአንዱን ሽማግሌ አልጋ ልብስ ሲቀይሩ እንኳ «ዶክተር፣ ጓንት ላቀብልዎ?» እንላቸዋለን። አለቃችን ይህን ስትሰማ የቅጽል ስም መስሏት ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቋ ያንገበግበኝ ነበር።

የቅጽል ስም አልነበረም። ወሎ ውስጥ፣ አንድ የአውራጃ ከተማ ሆስፒታል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሐኪም ነበሩ። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ዓመት በአውራጃው ሌላ ሐኪም አልነበረም። አዋልደዋል፣ ትርፍ አንጀት አውጥተዋል፣ የተሰበረ ጠግነዋል፣ ሲቸግር ጥርስም ነቅለዋል። በገበያ ቀን ሲያልፉ ነጋዴው ሁሉ ብድግ ይል ነበር ይላሉ ያዩ ሰዎች። ስዊድን የገቡት ሃምሳ ከሞላቸው በኋላ ነው። ቋንቋውን ተማሩ፣ ለሐኪምነት ፈቃድ የሚሰጠውንም ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፉ። ከዚያ ግን እንደ ጀማሪ የልምምድ ጊዜ መሥራት ነበረባቸው። «በልጆቼ ዕድሜ ያለ ሰው እየተከተለ ሊያርመኝ?» ብለው ተዉት። ኩራት ነው ያሉ ነበሩ። እኔም ኩራት ነው እላለሁ፤ ፊት ለፊትም ብያቸዋለሁ።

በወሎ ሳሉ አንድ የአሠራር ወግ ነበራቸው። በሽተኛው የማይድን ሲሆን ለራሱ አይነግሩትም። «ትድናለህ፣ አይዞህ» ይሉትና ዘመዶቹን ጠርተው ከተኝቶ መታከሚያው ጀርባ ወዳለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ይወስዷቸዋል። እውነቱ የሚነገረው እዚያ ነው። ለቤተሰቡ መዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል፤ በሽተኛው ደግሞ ተስፋ ሳይቆርጥ ይሰናበታል። እሳቸው የፈጠሩት ሥርዓት አይደለም፤ የአገሩ ወግ ነው። መርዶ በዘመድ ፊት፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገር። ዶክተር ሲናገሩት ግን እንደ ሕክምና ትምህርት ይቆጥሩት ነበር።

ስቶክሆልም ውስጥ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ ይቀመጣሉ። ሰው ከሆስፒታል የተላከለትን ፖስታ ከኪሱ እያወጣ ይሰለፋል። መድኃኒት አያዙም፤ ወረቀቱን አንብበው ያስረዳሉ፣ የትኛውን ክኒን መቼ መዋጥ እንዳለበት ይናገራሉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ እጅ ይይዙና የደም ሥር ምት ይቆጥራሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እጁን ሲይዙት ሰው ይረጋጋል» አሉኝ።

በ2006፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የካቲት ላይ ወይዘሮ ብርቅአየሁ የምርመራ ውጤቷን እንድትሰማ ከሆስፒታል ተጠራች። ብርቅአየሁ ሻርሆልመን የምትኖር፣ ቢሮ በማጽዳት አንድ ልጅ ያሳደገች ባልቴት ናት። ባሏ ባዩ በድሮው ዘመን በእኚሁ በዶክተር እጅ፣ በዚያው በወሎው ሆስፒታል ነው የሞተው። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ያለች እናቷን ካየች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ «ለከርሞ» ስትል ቆይታ በመጨረሻ ለፋሲካ ትኬት ቆርጣ ነበር።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ፣ እዚህ «ቶልክ» የሚሉትን፣ አዘጋጅቶላታል። እሷ ግን እምቢ አለች። «ቶልክ አልፈልግም። ዛሬ የሰማውን ነገ በየቤቱ ያዞረዋል። ከዶክተር ጥበቡ ጋር ነው የምገባው» አለች። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ የራሳችንን ሰው የምናምነው ስሙን ስናውቀው ብቻ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ኋላ ዶክተር ራሳቸው ነግረውኛል። ሐኪሟ ወጣት ናት። ብርቅአየሁን ዓይን ዓይኗን እያየች ተናገረች፤ የቆሽት ካንሰር ነው፣ ጉበት ላይ ደርሷል፣ ቀዶ ጥገና አይረዳም፣ የቀረው ጥቂት ወራት ነው። ዶክተር የብርቅአየሁን እጅ ይዘው ተረጎሙ።

«ቆሽትሽ ላይ ቁስለት አለ ይላሉ። ጉበትሽም ትንሽ ተነካክቷል። የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጡሻል።»

«ለፋሲካ መሄዴንስ? ይጠይቁልኝ እስቲ፣ ልሂድ ወይ?»

አልጠየቁላትም። ራሳቸው መለሱ። «ጉዞው ያደክምሻል። መድኃኒቱን ውሰጂና ለመስቀል ትሄጃለሽ።»

ይህን ሲነግሩኝ ተቆጣሁ። «ለመስቀል በሕይወት እንደማትኖር እያወቁ?» አልኳቸው። ከልጇ ጋር እስኪመክሩ ማዘግየታቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። «ለመስቀል ትሄጃለሽ» የምትለዋን ቃል ግን እንዲናገሩ ማንም አላስገደዳቸውም።

ለልጇ መንገሩም በወጉ ሆነ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ዶክተር፣ የሰበካው ሽማግሌ አቶ ማስረሻና እኔ በመጀመሪያው ባቡር ልጇ ወደሚኖርበት ወደ ኡፕላንድስ ቬስቢ ሄድን። ዮናታን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ። በሩን ሲከፍት ሦስታችንም ጥቁር ካፖርት ለብሰን ቆመናል። በየካቲት ስቶክሆልም ውስጥ ጥቁር ካፖርት የማይለብስ የለም። እሱ ግን በማለዳ ሽማግሌ አስከትሎ የመጣ ሰው ምን እንደሚያመጣ ከእናቱ ሰምቶ አድጓል። «እማዬ!» ብሎ ጮኸና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አልሞተችም ብለን ለማሳመን ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ከዚያ ዶክተር ሁሉንም በዝግታ ነገሩት። ልጁ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ለእሷስ ነገሯት?» አለ።

«ለበሽተኛ አይነገርም፣ ልጄ። ለቤተሰብ ነው።»

በስዊድንኛ መለሰ፤ ሲናደድ አማርኛው ይጠፋበታል። ሰውነቱ የእሷ ነው፣ ሞቱም የእሷ ነው አለ። ቀጥሎ እንደ ምንም ወደ አማርኛ ተመለሰ። «ትናንት ደወለችልኝ። ትኬቷን ለመስከረም አዛውራዋለች። ዶክተር ብለውኛል አለች። አሁን እርስዎ ይንገሯት። እኔ አይደለሁም፣ እርስዎ።»

አቶ ማስረሻ ልጁ ሽማግሌ ደፈረ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዶክተር ግን ተነሥተው ካፖርታቸውን ቆለፉ። «ትክክል ነው» አሉ።

ሻርሆልመን ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። አቶ ማስረሻ በመንገድ ላይ ሰበብ ፈልገው ተለይተውናል፤ እኔ ብቻ አብሬ ገባሁ። ብርቅአየሁ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነበር። ከስታለች። ዶክተር አጠገቧ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው እጇን ያዙ፤ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

«ዶክተር፣ የልቤን ምት ለመቁጠር ነው ከሃግሴትራ የመጡት?» አለች።

«ብርቅአየሁ፣ ያን ቀን ሐኪሟ ያለችውን አልነገርኩሽም» አሉ። ከዚያ ነገሯት። ካንሰር የሚለውን ቃል ራሱን አወጡት። ድምፃቸው ሲሰበር የዚያን ቀን ብቻ ሰማሁ። በሕይወታቸው ለበሽተኛ ፊት ለፊት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ብርቅአየሁ አላለቀሰችም። ስለ ባሏ ጀመረች።

«ባዩ ያውቅ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«እንደሚሞት። አልጋው በመስኮቱ በኩል ነበር። እኔንና ወንድሞቹን ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ሲወስዱን ተኝቶ ያየናል። ስመለስ ዓይኔን አይቶ ፊቱን አዞረ። እርስዎ እንዳልነግረው አዘውኛል፤ እሱ ደግሞ እኔ እንዳልጨነቅ አልጠየቀኝም። ሁለት ወር ሙሉ የቤታችንን ቆርቆሮ ስለ መቀየር ስናወራ ከረምን። ስንት የምነግረው ነበረኝ፣ ዶክተር! ስለ ቆርቆሮ አወራን።»

ዶክተር እጇን እንደያዙ ነበር። እኔም ያኔ ነው ቁጣዬ የበረደልኝ፤ ለሁለቱም አዘንኩ።

«ይልቅ» አለች ብርቅአየሁ፣ «ትኬቱ ወደ ቅርብ ቀን ይመለስልኝ እንደሆን ለዮናታን ደውሉልኝ።»

በሁለተኛው ሳምንት ሄደች። ዮናታን አድርሷት ተመለሰ፤ መጨረሻዋ ሲቃረብ ደግሞ ሄዶ አጠገቧ ነበር። ሚያዝያ ላይ አንዴ ደውላልኛለች። «ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። ጠዋት አብረን እናለቅሳለን፣ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤት ታማኛለች፣ እኔም አማታለሁ» አለችኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሐይቅ ተቀበረች።

ዶክተር እሑድ እሑድ መቀመጣቸውን አልተዉም። አሁን ግን ፖስታ ሲሰጣቸው ከመክፈታቸው በፊት «ክፉ ቢሆን ለማን ልንገር?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ «ለልጄ» ይላል፤ ለልጁ ይነግሩለታል። ብዙው ግን ትንሽ አሰብ አድርጎ «ለራሴ» ነው የሚለው።

በዚያው ዓመት በመስቀል ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲበላና ሲዘፍን እሳቸው ጥጋቸው ላይ ነበሩ። ምግብ ይዤላቸው ሄድኩ። ሳህኑን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ዛሬ ነበር ሂጂ ያልኳት» አሉ።

«ሄዳለች እኮ፣ ዶክተር። እናቷን አይታለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷስ ሄደች። ባዩ የተኛበት ክፍል ስድስት አልጋ ነበረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ትእዛዜ ምን ነበር መሰለሽ? መስኮቱን ክፈቱላቸው ነበር፤ አየር እንዲያገኙ።»