የሳምንቱ ስም በቅሎ ነበር

ትናንት ሐሙስ፣ እንጅባራ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነው የዋለው፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ወርዶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ የአራተኛ ክፍል ልጆችና ዐሥር የማንሞላ ወላጆች ነን። ጎረቤቴ አለምነሽም ነበረች፤ እሷ የሌለችበት ነገር የለም።

የሄድኩት ወላጅ ይምጣ ተብሎ ነው። ባልጠራም እሄድ ነበር...

የኔነሽ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስታርፍ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። የራሴ ልጅ የለኝም። ሰኞ ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን አልጋ ሥር ወርውራ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች። በአዊኛ ነው ያለችው፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል።

«ምን ሆነሽ?»

«በቅሎ ይሉኛል።»

ነገሩ የቃላት መለማመጃ ጨዋታ ነው። መምህሩ የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራና የጨርቅ ኳስ ይወረውራል። ኳሷን የያዘው ልጅ ትርጉሙን በአማርኛ ይናገራል። የሳተ «የሳምንቱን ስም» ይሸከማል፤ ሌላ ሰው ስቶ እስኪረከበው ድረስ ክፍሉ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራዋል። የዚህ ሳምንት ትምህርት ስለ ቤት እንስሳት ስለሆነ ስሙ በቅሎ ሆነ። የሳተችው ደግሞ የእኔዋ ልጅ።

ፈረስ ቢሏት ባልከፋኝ። እኛ አገር ፈረስ መባል ምርቃት ነው። በቅሎ ግን... በቅሎ አትወልድም። ሴትን በቅሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ያውቃል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከባሌ እናት አፍ ነው። ከዚያ ወንዝ ስወርድም፣ ገበያ ስወጣም ከኋላዬ ይመጣ ነበር።

ልጅቷም ሰምታው አድጋለች። «ይሄ ስም የአንቺ አይደል?» አለችኝ።

ተነሥቼ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

ሁለት ቀን ቀረች። ትናንት እጇን ይዤ ወሰድኳትና መምህሩን በር ላይ አገኘሁት። ወጣት ነው፤ አዲስ ነገር ተምሮ የመጣ፣ ሳቂታ።

«መምህር፣ ይህን ስም ያንሱላት።»

«እናቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው! ቃሉን እንዳይረሱት ብለን ነው። አሁን የኔነሽ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም።»

«እኔም አልረሳሁትም» አልኩት። አልገባውም።

አለምነሽ ግን ገብቷታል። «እታለም፣ ምን ያስቆጣሻል? የቤታችሁ ስም ነው፤ የትም አልሄደባችሁም!» አለች። በሩ ላይ ከቆሙት ወላጆች አንዳንዶቹ ሳቁ። የኔነሽ አንገቷን ደፋች... እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ።

መምህሩ አጨበጨበ። «ዛሬ ወላጆችም ይጫወታሉ፤ ቃሉ ካለፉት ትምህርቶችም ይመጣል!» ልጆቹ ጮኹ።

ኳሷ ወደ አንድ አባት ሄደች። «ካው!» ሲላቸው «ላም» አሉ። ወደ አለምነሽ ሄደች። «ዋተር!» ሲላት «ውኃ!» ብላ ክፍሉን ሁሉ ዞራ አየች፤ ውኃን እሷ የፈጠረችው ይመስል።

ከዚያ ኳሷ መጥታ ደረቴን መታችኝ።

«ሶፕ!»

አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። ያቺን የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ ከሳሙና መጠቅለያ ላይ ለምጃታለሁ፤ ለየኔነሽም ያሳየኋት እኔ ነኝ። እሷ ከፊት ወንበር ዞራ እያየችኝ በከንፈሯ ብቻ «ሳሙና፣ ሳሙና» ትላለች።

«አላውቀውም» አልኩ።

«ሳቱ! ሳቱ! ስሙ ተላለፈ!» ልጆቹ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «በ...» ብለው ጀመሩና ድምፃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

መምህሩ ላብ ላብ አለው። «አይ፣ ልጆች... ወላጅ ላይ አይሠራም።»

«ለምን አይሠራም? ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ።» እርስዎ ማለቱን እዚያ ላይ ተውኩት።

«እናቴ፣ እርስዎን እንዴት ብዬ...»

«እሷን እንደጠራሃት። በል ጥራኝ፤ ልጆቹ ይስሙ።»

ካፊያው ቆርቆሮውን ሲነካ ይሰማል። አለምነሽ እንኳ መሬት መሬት ታያለች።

«እንግዲያው ስሙ እኔ ጋ ነው» አልኳቸው ልጆቹን። «ሌላ ሰው ስቶ እስኪወስድብኝ የእኔ ነው። ማንም እንዳይወስድብኝ ደግሞ ኳሷን ይዤ እሄዳለሁ።»

ወጣሁ። መምህሩ ከኋላዬ «እናቴ፣ ኳሷ የክፍሉ ናት!» ይላል። አልዞርኩም።

የኔነሽ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ደረሰችብኝ። «ሶፕን ታውቂዋለሽ እኮ።»

«ጠፋብኝ።»

«ዋሸሽ» አለችኝ። ከሰኞ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። ድንች ቀቀልኩ። የኔነሽ በላችና ቦርሳዋን ራሷ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። አንዲት ልጅ ከውስጥ «የኔነሽ!» ብላ በስሟ ጠራቻት፤ ሮጣ ገባች። መምህሩ በር ላይ ቆሞ እጅ ነሣኝ። አልመለስኩለትም። በአለምነሽ ደጅም አለፍኩ፤ እሷንም ሰላም አላልኳት።

ቤት ገብቼ ኳሷን ተረተርኳት። ውስጧ አሮጌ ካልሲና የሸሚዝ ቁራጭ ነው። ጨርቁን አጥቤ የቀርከሃ አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

በምን አጠብሽው አትበሉኝ... ስሙን አላውቀውም።